ቁልፍ የማታውቅ መኪና

ይቀመጥ እንግዲህ አባቱ፣ እንደ ጉቶ ተተክሎ ይዋል፣ ይነሱልኝ ተብሎ ተለምኖ አልነሣም ያለ ሰው በዶማ አይነቀል፣ ከወንበሩ በታችም ቢሆን ሥራው ይሠራል፣ ልጁ ጀርባውን በመኪናዋ የብረት ወለል ላይ ዘርግቷል፣ እግሮቹ በተሳፋሪው በር ወደ ውጭ ተንጠልጥለዋል፣ ጭንቅላቱ ከመሪው ፊት ካለው ከክሩስኮቱ ሥር ሽቦ መሃል ገብቷል፣ የአባቱ ቡትስ ጫማ ደግሞ ከጆሮው ስንዝር ያህል ርቆ የነዳጅ ፔዳሉ ላይ ተቀምጧል፣ ቡትስ፣ በዚህ ሐሩር፣ የተወለወለ፣ ሰውዬው ጡረታ ወጥቷል ጫማው ግን ገና ዘብ ላይ ነው። ጌታ ሆይ ትዕግሥት ስጠኝ። ለነገ አላልኩም፣ አሁን።

ፊውዝ ይሉታል የጋራዡ ሰዎች፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስለሆነ ብቻ አይደለም፣ ቶሎ ስለሚቃጠል ነው፣ ከተቃጠለ በኋላ ደግሞ ድርግም ብሎ ዝም፣ ብርሃን የለው ድምፅ የለው፣ ሲበርድለት ብቻ ይመለሳል። አባቱ ግን ፊውዝም አይለው ስሙንም አይጠራው፣ አንተ ነው የሚለው፣ አንተ ና፣ አንተ ሂድ፣ አንተ ያንን አቀብል፣ ሰው የቤቱን ውሻ እንኳ በስም ይጠራል። እሱን ራሱንማ ሰፈሩ በማዕረጉ ነው የሚጠራው፣ ሱቅ ሄዶ ሳሙና ሲገዛ አስር አለቃ የትኛውን ልስጥዎት ይሉታል፣ እሱም አንገቱን ቀና ያደርጋል፣ የሚያዘው ጭፍራ አልቆ ዛሬ የሚያዘው ይችን መኪና ብቻ ነው፣ ሠራዊቱ አገልግላ አበቃች ብሎ በጨረታ የሸጣት፣ ቀለሟ የጭቃና የቅጠል፣ በሮቿ የሚንኳኩ፣ የገዛት ዕለት ወደ ግቢ ይዟት ሲገባ እንደ ሙሽራ ነበር ያጀባት፣ እናታችንን ሲያገባ እንዲህ አልሳቀም አለች እህቱ፣ ሳቁ፣ ያኔ ይሳቅ ነበር።

ሥራው ለሰው ቢያወሩት የሚያስቅ ነው። የጦር መኪና ቁልፍ የላትም። ከክሩስኮቷ መሃል አንዲት የብረት ምላስ አለች፣ ወደ ቀኝ ገፋ ሲያደርጓት እሳት ወደ ካንዴላዎቹ ይሄዳል፣ ከዚያ ሞተሩን የሚያዞረውን ሞተሪኖ በእግር መርገጥ ነው፣ በቃ፣ ማንም ገብቶ ያስነሣታል፣ ጠላትም ቢሆን፣ ሰካራምም ቢሆን፣ ውጊያ መሃል ቁልፌን የት ጣልኩት እያለ ኪሱን የሚዳብስ ሹፌር ሬሳ ነው ይላል አስር አለቃ፣ ይህን ከማለቱ በፊት ሁሌ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ሁሌ። ይሁን። ግቢው ግን የጦር ሜዳ አይደለም፣ የልብስ ገመድ አለ፣ ዶሮ አለ፣ የውሃ በርሜል አለ፣ ሳፋ አለ። ሳፋ ነበረ። ስለዚህ ምላሷ ትነቀልና በቦታዋ ባለቁልፍ ማስነሻ ይገባል፣ ከተጋጨ ታክሲ የተነቀለ፣ ከአንዲት ቁልፍ ጋር፣ ቁልፏን እህቱ በአንገቷ ታንጠለጥላታለች፣ አስር አለቃም ሲያሰኘው በወንበሩ ላይ ይቀመጥ፣ መሪውንም ይያዝ፣ ሞተሪኖውንም ሲረግጥ ይዋል፣ እሳት ግን የለም፣ አከተመ።

ሳፋው ሰማያዊ ነበር፣ የእህቱ ልጅ የምትታጠብበት፣ ትልቅ፣ ጠርዙ በአንድ በኩል የተላጠ። ያን ዕለት ጠዋት እህቱ ልጅቷን ከውሃው አውጥታ በፎጣ እየጠቀለለች በሩ ላይ ደርሳለች፣ መኪናዋ ድንገት ጓ ብላ ተነሣች፣ ወደ ኋላ፣ ሳያይ፣ ክላክስ የለ መስታወት ማየት የለ፣ ሳፋው እንደ እንቁላል ቅርፊት ተንኮታኮተ፣ ውሃው ከነአረፋው እስከ በረንዳው ተረጨ፣ ከዚያ አስር አለቃ ወረደ፣ ጎማውን አየ፣ ስብርባሪውን በቡትሱ ጫፍ ገፋ ገፋ አደረገና የማን ዝርክርክ ነው በመኪና መንገድ ላይ ዕቃ የሚያኖር አለ። ዕቃ። ይኼ ሁሉ ይሁን፣ ሰው ይደነግጣል፣ ሰው ሲደነግጥ ይቆጣል፣ ግን ልጅቷ አባባ ብላ ስታለቅስ፣ በትከሻው ተሸክሞ ያሳደጋት ልጅ፣ አተኩሮ አያትና ይቺ ደግሞ የማን ናት አለ፣ እህቱም ሳቀች፣ ቀልድ ነው፣ አባባ ሲቀልድ ነው አለች፣ እጇ ግን ፎጣውን አስጨንቆ ይዟል፣ ፊውዝም ሳቀ፣ ጌታዬ ለምን ሳቅሁ፣ ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ጥርሴ መሃል እንደ ሥጋ ተሰንቅሯል።

ለነገሩ ማን ቆረጠ ማን ፈለጠ፣ ታላቅ ወንድሙ ነው፣ በስልክ፣ ከሩቅ፣ ከሚኖርበት ከተማ፣ እዚያ ተቀምጦ ትእዛዝ ማስተላለፍ አይከብድም፣ የአባቱ ልጅ አይደል፣ ነገሩን ጨርሱት አለ፣ ነገሩን፣ አባቱን ነገር አለው። እህቱ ደግሞ አንተ ነህ ባለሙያው፣ እኔ ምን አውቃለሁ፣ ግን ስትሠራ ጠይቀው፣ ይህ ምንድን ነው ያ ምንድን ነው በለው፣ ሥራው ውስጥ አስገባው፣ እንዳይከፋው አለችው፣ እንዳይከፋው፣ አርባ ዓመት ሙሉ እኛ ሲከፋን ማን ጠየቀን፣ በፊሽካ እየቀሰቀሰን፣ አልጋ አስተካክል፣ ጫማ አስተካክል፣ ፊትህን አስተካክል፣ የልጅ ፊት እንዴት ይስተካከላል፣ አሁንም እህቱ በመስኮቱ መጋረጃ ጀርባ ቆማ እያየች ነው፣ የመጋረጃው ጫፍ ሲንቀሳቀስ ይታየዋል፣ ነይ እንጂ፣ ነይና ከዚህ ከቡትሱ ሥር ተጋደሚ።

ምንድን ነው የምትጎረጉረው እዚያ ታች፣ ይላል አስር አለቃ ከላይ።

ነገርኩዎት እኮ አባባ።

ድገመው።

ቁልፍ እየገጠምኩ ነው።

ለምን።

እንዳትሰረቅ። ሰፈሩ ሌባ በዝቶበታል።

ማን ነው የኔን መኪና ደፍሮ የሚሰርቅ።

ፊውዝ ካቻቪቴውን በጥርሱ ይነክሳል፣ አፉ በብረት ተይዟልና አይመልስም፣ ይህን ውሸት የሸመነችው እህቱ ናት፣ ለብሶ የሚዞረው ግን እሱ፣ ጌታ ሆይ ታውቃለህ መዋሸት አልወድም፣ ለደንበኛ እንኳ ባትሪህ ሞቷል ማለት ሲያስጨንቀኝ ታያለህ፣ ይኼ ግን አባቴ ነው፣ አባት ፊት እውነት ይነገራል እንዴ፣ የት ተነግሮ ያውቃል፣ በአፉ እርስዎ ይላል በሆዱ አንተ ይላል፣ አንተ ሽማግሌ፣ አንተ ግንብ፣ ያቺን ልጅ ገድለሃት ቢሆን ዛሬ እኔ እዚህ ተንጋልዬ ሽቦ አልቆጥርም ነበር፣ እኔ እንጃ የት እንደምሆን።

ደግሞ ሽቦዎቹ። በእግዚአብሔር ስም እንዲህ ያለ ሥራ ማን አየ፣ የሰው መኪና ቀዩ ቀይ ነው ቢጫው ቢጫ ነው፣ የዚህች ሁሉም አንድ ዓይነት ጥቁር፣ ልክ እንደ ወታደር፣ ልዩነቱ አንገቱ ላይ ባለች የብረት ቁራጭ ቁጥር ብቻ ነው፣ ቁጥሩም ተፋቅቋል፣ ግማሹ ወድቋል። ሥራ ሲጀመር ባትሪ ይነቀላል፣ ይህ የሙያው ሀ ሁ ነው፣ ባትሪው ግን ያለው ከሹፌሩ ወንበር ሥር ነው፣ ወንበሩ ላይ አስር አለቃ አለ፣ ሹፌር መኪናውን ጥሎ አይወርድም ብሏል፣ እና ይኸው ሃያ አራት ቮልት በቁሙ፣ አባቱ እንደ ዶሮ ታቅፎት ተቀምጧል።

ጠይቀው ብላለች አይደል። ይጠይቀዋል። አባባ፣ ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣው የትኛው ቁጥር ነው።

ከዚያ ጉሮሮ ይጠረጋል። አስራ አንድ።

አስራ ሁለትስ።

አስራ ሁለት ባዶ ነው፣ ወደ መብራት ነው የሚሄደው፣ ሲያበሩት ብቻ ነው የሚሠራው፣ ይህንንም አታውቅ፣ ምኑን ነው ተምሬያለሁ የምትለው።

የሙከራ አምፖሉ ኪሱ ውስጥ ነበር፣ አንድ ንክኪ ነበር የሚበቃው፣ ግን ይመነው፣ አንድ ጊዜ ይመነው፣ ደስ ይበለው ሽማግሌው፣ አስራ ሁለትን በፒንሳ ይይዛል፣ ልጣጩን ሊገፍ ሲጎትት የፒንሳው ወገብ ከክሩስኮቱ ብረት ይገጥማል፣ ጧ። ነጭ እሳት። ዓይኑ ይጠፋል፣ የፒንሳው ጫፍ ቀልጦ ጠብ ይላል፣ አውራ ጣቱ ይለበለባል፣ ራሱን ሲያነሣ ግንባሩ ከመሪው ዘንግ ይላተማል፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል፣ የተቃጠለ ቆዳ ይሸታል፣ እና ከላይ፣ ከላይ፣ አስር አለቃ ይስቃል። ሳቁ ከሆዱ ነው፣ ወንበሩን ያነቃንቃል፣ በለው፣ ይላል፣ አሳየችህ አይደል፣ አታውቅህማ።

አስራ ሁለት ባዶ ነው ብለውኝ ነው እኮ!

እኔ። አስራ ሁለት ባዶ ነው ብዬ። እኔ። አስራ ሁለት ባትሪ ነው፣ ማንም የሚያውቀው ነው፣ አስራ ሁለት ከጥንት ባትሪ ነው።

ፊውዝ ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ከታች ወደ ላይ ያየዋል፣ ከታች ሲታይ አገጭ ብቻ ነው፣ የተላጨ፣ የሾለ፣ ከሱም በላይ ሁለት የአፍንጫ ቀዳዳ፣ ረስቶ ነው ወይስ አውቆ ነው፣ አውቆ ከሆነ እጠላዋለሁ፣ ረስቶ ከሆነ ደግሞ ምን አደርገዋለሁ፣ አውቆ ይሁን፣ ጌታዬ እባክህ አውቆ ይሁን፣ ክፉ አባት ለምጃለሁ፣ የሚረሳ አባት አላውቅበትም።

ከዚያ በኋላ በአፍ ንግግር የለም። አምፖሉን ያወጣል፣ አንዱን ጫፍ በማሳው፣ በመኪናዋ ባዶ ብረት ላይ ያደርጋል፣ በሌላው ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ይነካካል፣ የበራ የበራውን በናስትሮ ይጠቀልላል፣ እሳት ወደሚያመነጨው ቦቢና የሚሄደውን ያገኛል፣ ይለየዋል፣ ምላሷን የያዘውን ብሎን ይፈታል፣ አርጅቶ ተጣብቋል፣ ይምላል፣ ምሕረት ይለምናል፣ ደግሞ ይምላል፣ ይፈታል። ምላሷ እጁ ላይ ትወድቃለች፣ ትንሽ ናት፣ ጫፏ በጣት ብዛት ተልጋ እንደ ሳንቲም ታበራለች፣ ከላይ አንድ እጅ ይዘረጋል፣ መዳፉ ወደ ላይ፣ ፊውዝ ያቀብለዋል፣ አስር አለቃ ያገላብጣታል፣ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ይከታታል፣ የኪሱን አዝራር ይቆልፋል፣ እና ወደ ፊት፣ ወደ ግቢው ግንብ ማየቱን ይቀጥላል፣ ግንቡ ላይ ምንም የለም።

የታክሲው ማስነሻ ለቀዳዳው ያንሳል። ቆርቆሮ ይቆርጣል፣ እንደ ቀለበት ያበጃል፣ ያስገባል፣ ከኋላ ያጠብቃል፣ አስራ ሁለት እዚህ፣ ቦቢናው እዚህ፣ አጥብቆ፣ ጠቅልሎ፣ ሽቦው በብረቱ ጠርዝ እንዳይበላ ጎማ አልብሶ፣ ለሚጠላው ሰውም ቢሆን ሥራ ሥራ ነው፣ በዚህማ አይታማም፣ ከዚያ በጀርባው ተንፏቆ ይወጣል፣ ወገቡ ሁለት ቦታ የተሰበረ ይመስለዋል፣ ይቆማል፣ ሰማይ አለ፣ የልብስ ገመድ አለ፣ መጋረጃው ይንቀሳቀሳል፣ ቁልፏን በጣቱ አንጠልጥሎ በተሳፋሪው በኩል ይገባና ይቀመጣል። አሁን መሞከር ነው። መሞከር። እና እዚህ ላይ ነው ጅልነቱን ያየው፣ ይችን አሮጊት አስነሥቶ አያውቅም፣ አንድ ቀን እንኳ፣ ጋራዥ ውስጥ የሰው መኪና ወዲህ ወዲያ ያንቀሳቅሳል፣ የዚህችን ወንበር ግን አባቱ ለታላቅ ወንድሙ እንጂ ለሱ ለቆለት አያውቅም፣ አየሩን ምን ያህል እንደሚዘጉባት፣ ሞተሪኖውን ስንቴ እንደሚረግጧት ልማዷን የሚያውቅ አንድ ሰው ነው፣ ያም ሰው ወንበሩ ላይ አለ።

አባባ፣ ያስነሡልኝ።

አስር አለቃ ቁልፏን ያያታል። በምን ላስነሣት።

በዚህች። ወደ ቀኝ ያዙሯት።

አይነካትም፣ ፊውዝ ራሱ ከመሃል እጁን ሰድዶ ያዞራታል፣ ቀይ መብራት ይበራል፣ የአባቱ እጅ አየሩን ሳብ ያደርጋል፣ ቡትሱ ይረግጣል፣ ሳል፣ ሳል፣ ከዚያ ሞተሩ ግቢውን ይሞላዋል፣ ዶሮዎቹ ይበተናሉ፣ ሠራ፣ ተመስገን፣ ፊውዝ ሳያውቀው ፈገግ ይላል፣ አሁን አጥፍቶ ቁልፏን መንቀል ነው፣ እጁን ይሰዳል፣ ግን ማርሹ ገብቷል፣ መኪናዋ ወደፊት ተወርውራለች፣ የግቢው በር ክፍት ነው፣ ውሃ የሚያመላልሰው ሰው ክፍት ጥሎት ሄዷል፣ እህቱ ከቤት ወጥታ እጇን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ ስትጮህ ያያታል፣ አፏ ብቻ፣ ድምፅ የለም፣ ሞተሩ ውጦታል።

መንገድ ላይ ናቸው። አባባ ወዴት ነው። አባባ፣ ለሙከራ ይበቃል፣ እንመለስ። አስር አለቃ ቀጥ ብሏል፣ ማርሽ ሲቀይር ፍሪሲዮኑን ሁለት ጊዜ ይረግጣል፣ መሃል ላይ ነዳጅ ይሰጣል፣ የማርሹ ጥርስ ከጥርስ ሳይነካ ቅቤ ላይ እንደ ቢላ ይገባል፣ ሰውዬው ይነዳል እኮ፣ እርጉም፣ ምን ዓይነት አነዳድ ነው፣ እጁ አይንቀጠቀጥም፣ ቤት ሻይ ሲጠጣ ግማሹን የሚደፋው እጅ፣ ጎረቤቶች በየበሩ ቆመው ያያሉ፣ የብረታ ብረት ቤቱ ሰው እጁን ያነሣለታል፣ አስር አለቃም ሰላምታ ይሰጣል፣ እንደ ወታደር፣ ፊውዝ ለአንድ አፍታ፣ ለአንዲት አፍታ ብቻ፣ ተሳስተን ይሆን እንዴ ይላል በልቡ፣ ወንድሜ ተሳስቶ፣ እህቴ ተሳስታ፣ እኔም።

ረዳት፣ ይላል አስር አለቃ።

ማን ነው ረዳት።

ከኋላ ያሉት እየተከተሉን ነው ወይ።

ፊውዝ ዞር ብሎ ያያል፣ ከኋላ አንድ ብስክሌት አለ፣ እና አቧራ። ማንም የለም አባባ።

ርቀታቸውን ጠብቀዋል ወይ ነው የምልህ።

አባባ፣ እኔ ነኝ። ከፊት፣ መንገዱ ወደ ገበያው ዝቅ በሚልበት፣ አንድ ጋሪ ገፊ ሲሚንቶ ከምሮ መንገዱን እያቋረጠ ነው፣ ጀርባው ጎብጦ፣ ፊቱ ወደ መሬት፣ አያይም፣ ጋሪው ከብዶት በዝግታ፣ አስር አለቃ ያየዋል፣ እያየው ነው፣ ዓይኑ ሰውዬው ላይ ነው፣ ቡትሱ ግን ከነዳጁ አይነሣም።

አባባ ፍሬን!

ኮንቮይ አይቆምም።

አባባ ሰው ነው!

ኮንቮይ ለማንም አይቆምም፣ የቆመ ያልቃል፣ ይላል፣ ድምፁ የተረጋጋ፣ ትምህርት እንደሚሰጥ ሰው፣ ያ ሰውዬም ቀና ይላል፣ ዓይኖቹ፣ ነጭ፣ የሲሚንቶ አቧራ በቅንድቡ ላይ፣ ፊውዝ አይጸልይም፣ ጊዜ የለም፣ እጁ ይሄዳል፣ ቁልፏን ወደ ግራ።

እሳቱ ይቆረጣል። መኪናዋ በማርሹ ታንቃ፣ ተንገጫግጫ፣ እንደ ታረደ በሬ በጉልበቷ ትወርዳለች፣ የፊውዝ ግንባር ከፊት መስታወቱ ይጋጫል፣ የፊት መከላከያዋ፣ ፓራውልቷ፣ ከጋሪው ጎማ ክንድ ያህል ሲቀራት ትቆማለች። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ በዝግታ ተንሸራትቶ ይወድቅና ይፈነዳል።

ፋዘር ዓይን የለህም እንዴ፣ ይላል ጋሪ ገፊው፣ ልትገድለኝ ነበር እኮ፣ ሞትህን ከፈለግክ ብቻህን ሙት፣ ምን እኔን ታስከትላለህ፣ አንተ የጃጀህ ሽማግሌ! ሰው ይሰበሰባል፣ ቲማቲም ሻጯ፣ ጫማ ሰፊው፣ እነሱ ቤት አዋቂ የለም ወይ፣ እንዲህ ያለውን ሰው መኪና የሚያስይዝ ልጅ ምን ዓይነት ልጅ ነው፣ ትላለች አንዷ፣ እና ፊውዝ፣ ይህን ሁሉ ከዚህ በባሰ አፍ በሆዱ ሲለው የዋለው ፊውዝ፣ ወርዶ ጋሪ ገፊውን አንገቱን ማነቅ ያምረዋል፣ የጃጀ የሚለው ማን ነው፣ ያንን ማለት የሚችል እኔ ብቻ ነኝ፣ የኔ ነው፣ ንብረቴ ነው፣ ጌታ ሆይ ይኼ ደግሞ ምንድን ነው። ይቅርታ ወንድሜ፣ ይላል በአፉ፣ ሲሚንቶህን እተካለሁ፣ እግዜር ነው ያወጣህ። እግዜር ነው አንተን ያወጣህ፣ ይለዋል ጋሪ ገፊው፣ እስር ቤት ነበርክ አሁን።

አስር አለቃ መሪውን እንደያዘ ነው። ቀስ ብሎ አንገቱን ያዞራል፣ ቁልፏን ያያል፣ በቁልፏ ላይ ያረፈውን የልጁን እጅ ያያል፣ ጣቱ ላይ ያለውን ቃጠሎ ያያል፣ ዓይኑ አሁን ጥርት ብሏል፣ ይሄ ነው የሚያስጠላው፣ ሄዶ በሄደበት አይቀር፣ ተመልሶ መጥቶ ያያል።

አንተ ነህ ያጠፋሃት።

አዎ።

እኔ መሪ ላይ ሆኜ።

አዎ አባባ።

ለሌባ ነው ብለኸኝ አልነበር።

ፊውዝ እጁን ከቁልፏ ላይ ያነሣል።

ሌባው እኔ ነኛ፣ ይላል አስር አለቃ።

እንዲህ ያለ ጊዜ ነው ሰው አባቱ እግር ላይ የሚወድቀው፣ ወይም አይ አባባ የሚለው፣ አፈር ልብላ የሚለው፣ ፊውዝ ግን አፉን ሲከፍት የሚወጣው ሌላ ነው፣ ያችን ልጅ ሊገድሏት ነበር፣ ይላል፣ ይቺ የማን ናት አሉ፣ የልጅዎ ልጅ ናት፣ ዛሬ ደግሞ ይህን ሰው፣ ነገ ማንን፣ አዎ እርስዎ ነዎት ሌባው፣ ከእርስዎ ነው የደበቅናት፣ ሦስታችንም፣ ተማክረን። አለው። ወጣ። በሰው ፊት፣ በቲማቲም ሻጭ ፊት፣ እድሜ ልኩን ያጠራቀመው እንዲህ አጭር ነበር ለካ።

አስር አለቃ አይመታውም። ቢመታው ይሻል ነበር፣ የለመደው ነው። በሩን ይከፍታል፣ አንድ ቡትስ ያወርዳል፣ ሌላውን ያወርዳል፣ ቀበቶውን ያስተካክላል፣ በሩን ይዘጋል፣ በቀስታ። ንዳት እንግዲህ፣ ይላል፣ የማን ሥራ እንደሆነ እንይ።

ወንበሩ ጎድጉዷል። ፊውዝ ተሻግሮ ሲቀመጥበት የሌላ ሰው ጉድጓድ ውስጥ ነው የሚገባው፣ ሙቀቱ ገና አልበረደም፣ ይቀፈዋል፣ መሪው ይሰፋበታል፣ ቁልፏን ያዞራል፣ ሞተሪኖውን ይረግጣል፣ ትነሣለች፣ ማርሽ ሊያስገባ ሲል ብረት በብረት ይጮኻል፣ ገበያው በሙሉ ጥርሱን ያማል፣ ፍሪሲዮኑን ይለቃል፣ ዘላ ትጠፋለች። ይሳቃል። ደግሞ ያስነሣል፣ ደግሞ ትጠፋለች። ወንድሜ ግፋ በለን እንግፋህ፣ ይላል አንዱ ጎረምሳ፣ ሌላው ደግሞ ሽማግሌውን መልሱት ባካችሁ እሱ ይሻል ነበር፣ ሳቅ፣ ፊውዝ ደሙ እስከ ጆሮው ይፈላል፣ ወደ ጎን ያያል፣ አባቱ በእግሩ ጥሎት የሄደ መስሎት ነበር፣ አልሄደም፣ ጋሪ ገፊው የፈሰሰውን ሲሚንቶ ሲዝቅ ቆሞ ያያል፣ ከዚያ ሰዎቹን በክንዱ ገለል እያደረገ ዞሮ ይመጣል፣ ፓራውልቷ ፊት ለፊት ይቆማል፣ ሁለት እጁን ወደ ላይ ያነሣል።

ይህን ፊውዝ ያውቀዋል፣ ማንም የወታደር ልጅ ያውቀዋል፣ ጠባብ ቦታ ላይ፣ ሰው በበዛበት፣ የጦር መኪና ብቻዋን አትንቀሳቀስም፣ አንድ ሰው ከፊቷ ወርዶ፣ ፊቱን ወደ ሹፌሩ አዙሮ፣ የኋሊት እየሄደ በእጁ ይመራታል፣ ሹፌሩ መንገዱን አያይም፣ እጁን ነው የሚያየው፣ የሚመራውም ሰው የሚሄድበትን አያይም፣ ሹፌሩን ነው የሚያየው።

ሁለት ጊዜ ርገጥ ፍሪሲዮኑን፣ አንተ ደንቆሮ፣ ይጮኻል አስር አለቃ፣ መሃል ላይ ነዳጅ ስጣት፣ እንስሳ ናት እንዴ የምትደበድባት! ፊውዝ ይረግጣል፣ ይለቃል፣ ይሰጣል፣ ይረግጣል፣ ማርሹ ይገባል፣ ትንቀሳቀሳለች። ግራ፣ ይላል የአባቱ ግራ እጅ፣ ግራ፣ ግራ፣ አጥፍ እንጂ መሪውን፣ በእንጀራ እናትህ ነው እንዴ የተያዘው፣ ሰው ይስቃል፣ መኪናዋ በገበያው አፍ ላይ ትዞራለች፣ ፊቷን ወደ ቤት ትመልሳለች፣ አስር አለቃም ከፊቷ ዞሮ የኋሊት መንገዱን ይይዛል፣ ና ይላል እጁ፣ ሁለቱም መዳፎች ወደ ራሱ፣ ና፣ ና።

እና አሁን ነው ያ ሐሳብ የሚመጣበት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሕዝብ ከግራና ከቀኝ ቆሞ፣ ያ ቡትስ ድንጋይ ላይ ሲሰናከልና ሲቃና፣ ያ ደረት ከፓራውልቷ ሁለት ክንድ ፊት፣ ያ አገጭ፣ ያ ፊሽካ፣ ያ አንተ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ከፊቱ ቆሞ ና ይለዋል፣ እግሩ ነዳጁ ላይ ነው፣ ቀጭን እግር፣ ምንም አይጠይቅም፣ ክብደቱን መጣል ብቻ፣ ፍሪሲዮኑ አታለለኝ ማለት ብቻ፣ ጀማሪ ነው ሁሉም አይቷል፣ አላወቀባትም፣ እግዜር ያጽናህ ይሉታል፣ ጣቶቹ በጫማው ውስጥ ይጨበጣሉ፣ ጌታ ሆይ አታየኝ፣ አይ እየኝ፣ እየኝ፣ ዓይንህን እንዳትነቅል፣ ለሱ አይደለም የምለምንህ፣ ለዚህች እግር ነው፣ ያዝልኝ፣ እስከ በሩ ያዝልኝ፣ ከዚያ ወዲያ እኔ አውቃለሁ፣ አባቱ ወደ ኋላ አያይም፣ አንዴም አንገቱን አያዞርም፣ ከኋላው ጉድጓድ ይኑር ድንጋይ ይኑር ግድ የለውም፣ ዓይኑ የልጁ ዓይን ላይ ነው፣ እየተሳደበ፣ እየተሰናከለ፣ ቀስ በል፣ ቀስ በል አንተ፣ እንደዚያ፣ እንደዚያ፣ ና፣